የሚመታውን ልብ ማየት

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የሳይንስ ክበብ አባሎች በአዳራሹ ያሰሙት ንግግር)



የበዓሉ ኮሚቴ ለሳይንስ ክበብ ግማሽ ሰዓት በፈቀደልን ጊዜ፥ ስለ ምን እንደምንናገር ብዙ ተከራክረን ነበር። ከመካከላችን አንዳንዱ ስለ ከዋክብት፥ አንዳንዱም ስለ ንብ ርባታ መናገር ፈልጎ ነበር። በመጨረሻ ግን ሁላችንም የተስማማንበት ነገር በእያንዳንዳችን ደረት ውስጥ በዚህች ደቂቃ ሳያርፍ የሚሠራው ልብ ነው። ይህንንም የመረጥንበት ምክንያት ስላለን አስቀድመን እንነግራችኋለን።

ባለፈው ዓመት ከክፍላችን ልጆች አንዱ፥ በእግር ኳስ ቡድናችን በቀኝ ክንፍ የሚጫወተው ጓደኛችን፥ ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረው ጀመር። እኛም ነገሩን ስላላወቅን «ሰነፍህ፥ እንጀራ አበዛህ» እያልን ቀለድንበት። በዚህም ነገር እስከ ዛሬ እናፍራለን። እናቱ ግን አልቀለዱም፤ ወደ ሐኪም ቤት ወሰዱት። ሐኪሙም በድምፅ ማዕበል የሚሠራ መሣሪያ በደረቱ ላይ እያዘዋወሩ ከመረመሩት በኋላ፥ በልጅነቱ ይመላለስበት የነበረው የጉሮሮ ሕመም በልቡ ላይ ጠባሳ እንደ ተወበት ነገሩት። ጓደኛችን ተመልሶ ሲመጣ ግን መጀመሪያ ያወራልን ስለ በሽታው አልነበረም። «ልቤን አየሁት! በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ በዓይኔ አየሁት!» አለን።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ ጥያቄ አላስተኛን አለ። ደረት ሳይከፈት የሚመታ ልብ እንዴት ይታያል? መምህሮቻችንን ጠየቅን፥ ከቤተ መጻሕፍት መጻሕፍት አወጣን፥ እያነበብንም በየሳምንቱ ዓርብ ተወያየን። ስናነብም ከድምፅ ማዕበል ሌላ፥ በማግኔትና በራዲዮ ማዕበል ልብን በሚመታበት በዚያው ቅጽበት የሚያሳይ ጥበብ እንዳለ ደረስንበት። ዛሬ የምንነግራችሁ የዚህን ጥበብ ታሪክና አሠራር ነው። ጓደኛችን ይህን ጽሑፍ አስቀድሞ አንብቦ፥ ስሙ ሳይጠራ ነገሩን እንድንናገር ፈቅዶልናል። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ የምንጠራው በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑንም እንድታውቁልን እንለምናለን።

እስቲ በመጀመሪያ ከእኛ ጋር አንድ ሥራ ሥሩ። የቀኝ እጃችሁን ሁለት ጣቶች በግራ እጃችሁ አንጓ ላይ፥ ከአውራ ጣት በታች አኑሩ። ምቱን ስታገኙ ለ15 ሰከንድ ቁጠሩ፤ ያገኛችሁትንም ቁጥር በ4 አባዙት። በጸጥታ ከተቀመጠ ጎልማሳ ላይ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ይገኛል። ልቡ 70 ጊዜ የሚመታ ሰው በአንድ ቀንና ሌሊት ከ100,000 ጊዜ በላይ ይመታል ማለት ነው። በእያንዳንዱ ምት ወደ 70 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ይገፋል፤ በደቂቃ 5 ሊትር ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል፤ በቀን ደግሞ ወደ 7,000 ሊትር ይደርሳል። ይህ 20 ሊትር በሚይዝ ጀሪካን ቢለካ 350 ጀሪካን ነው። ውሃ የሚቀዱ እናቶቻችንና እኅቶቻችን ይህ ምን ያህል ሸክም እንደ ሆነ ከእኛ ይልቅ ያውቁታል። ይህን ሁሉ የሚሠራው የራሳችንን ጭብጥ የሚያህል ጡንቻ ነው።

ልብ አራት ክፍሎችና አራት በሮች አሉት። በሮቹ ቫልቭ ይባላሉ፤ ደሙ ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ እንዳይሄድ ይጠብቃሉ። በአንድ ሰከንድ ውስጥ ክፍሎቹ ይሞላሉ፥ ይጨመቃሉ፥ በሮቹም ተራ በተራ ይከፈታሉ፥ ይዘጋሉ። ይህ ፍጥነት የጥንት ሊቃውንትን እጅግ አስቸግሯቸው ነበር። በ1628 ስለ ደም ዝውውር ታላቅ መጽሐፍ ያሳተመው እንግሊዛዊ ሐኪም ዊሊያም ሃርቬይ፥ የልብን እንቅስቃሴ ሊመለከት በጀመረ ጊዜ ነገሩ እጅግ ስለ ፈጠነበት፥ ይህን የሚያውቅ እግዚአብሔር ብቻ ነው ለማለት ተቃርቦ እንደ ነበር ጽፏል። ነገር ግን ተስፋ አልቆረጠም። ልባቸው ቀስ ብሎ የሚመታ እንስሳትን፥ እንደ እንቁራሪትና እንደ ዓሣ ያሉትን፥ ደግሞም ሊሞቱ የተቃረቡትን እየተመለከተ ምሥጢሩን ገለጠ። እንግዲህ ከጥንት ጀምሮ ችግሩ አንድ ነው፤ ልብ ከዓይን ይፈጥናል።

ከሃርቬይ በኋላ የተነሡት ጠበብት ይህን ችግር እያንዳንዳቸው በየበኩላቸው ታገሉት። ፈረንሳዊው ላኤኔክ በ1816 ወረቀት ጠቅልሎ በበሽተኛዋ ደረት ላይ በማድረግ የልብን ድምፅ ጥርት አድርጎ ሰማ፤ ዛሬ በሐኪሞች አንገት ላይ የምናየው ማዳመጫ ከዚያ ተወለደ። ጀርመናዊው ሮንትገን በ1895 ራጅን አገኘ። ሆላንዳዊው አይንትሆፈን የልብን ኤሌክትሪክ በወረቀት ላይ የሚጽፈውን መሣሪያ ስላዘጋጀ በ1924 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። በ1953 ደግሞ በስዊድን አገር በሉንድ ከተማ ኤድለር የተባለው ሐኪምና ኸርትስ የተባለው የፊዚክስ ሊቅ፥ በመርከብ ፋብሪካ የብረት ስንጥቅ ይመረመርበት የነበረውን የድምፅ ማዕበል መሣሪያ በሰው ደረት ላይ ሞከሩት። ጓደኛችን ልቡን ያየው የዚያ መሣሪያ ልጅ በሆነው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳያችን እንግባ። ማግኔት እንዴት ሥዕል ይሥላል?

የሰው አካል ከግማሽ በላይ የሚሆነው ውሃ ነው። በውሃም ውስጥ ሃይድሮጅን አለ። የሃይድሮጅን አቶም አስኳል፥ ማለት ፕሮቶን፥ እንደ ትንሽ ማግኔት ነው። ሰውዬው ወደ ትልቅ ማግኔት ውስጥ ሲገባ፥ እነዚህ ትንንሽ ማግኔቶች እናቶቻችን ጥጥ ሲፈትሉ እንደምናየው እንዝርት ዘንበል ብለው መሾር ይጀምራሉ። ሐኪም ቤቶች ብዙ ጊዜ የሚገለገሉበት ማግኔት ኃይሉ 1.5 ቴስላ ነው፤ ይኸውም የኮምፓስን መርፌ ከሚያዞረው ከምድር ማግኔት 30,000 ጊዜ ያህል ይበልጣል። በዚህ ኃይል ውስጥ ፕሮቶኖቹ በሰከንድ 64 ሚሊዮን ጊዜ ያህል ይሾራሉ። በዚሁ ፍጥነት የሚርገበገብ የራዲዮ ማዕበል ቢላክባቸው ከቦታቸው ይዘነበላሉ፤ ማዕበሉም ሲቆም እነርሱ በፈንታቸው ደካማ የራዲዮ ድምፅ ይመልሳሉ። ይህን መልስ ብሎክና ፐርሰል የተባሉ ሁለት የአሜሪካ ሊቃውንት በ1946 በየበኩላቸው አገኙት፤ በ1952ም የኖቤልን የፊዚክስ ሽልማት ተካፈሉ።

ነገር ግን መልሱ ከየት እንደ መጣ ካልታወቀ ሥዕል አይሆንም። መላውን ያገኘው ፖል ላውተርበር የተባለ አሜሪካዊ የኬሚስትሪ ሊቅ ነው። የማግኔቱን ኃይል በአንድ በኩል ጥቂት ከፍ፥ በሌላው በኩል ጥቂት ዝቅ ቢያደርጉት፥ በየስፍራው ያሉት ፕሮቶኖች ልዩ ልዩ ፍጥነት ይኖራቸዋል። ክራር የሚደረድር ሰው ዓይኑን ቢጨፍን እንኳ፥ ከድምፁ ቅጥነትና ውፍረት የትኛው ክር እንደ ተመታ ያውቃል። እንደዚሁም መሣሪያው ከራዲዮው ድምፅ ቅጥነትና ውፍረት ስፍራውን ያውቃል። ላውተርበር ይህን አሳብ ጽፎ ሲልክ መጽሔቱ በመጀመሪያ አልቀበልም ብሎት ነበር፤ ተከራክሮ በ1973 ታተመለት። እንግሊዛዊው ፒተር ማንስፊልድም ሥዕሉ በፍጥነት የሚገኝበትን ስሌት አወጣ። ሁለቱም በ2003 የኖቤልን የሕክምና ሽልማት ተቀበሉ። ተማሪዎች ጓደኞቻችን፥ የጻፋችሁት ጽሑፍ ቢመለስባችሁ ይህን ታሪክ አስቡት።

ይሁን እንጂ መሣሪያው በመጀመሪያ እጅግ የዘገየ ነበር። በ1977 ሬይመንድ ዳማድያን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ከረዳቶቹ ጋር የአንድ ሰው ደረት አንድ ሥዕል ለማንሣት አምስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጊዜ ፈጅቶበታል። በአምስት ሰዓት ውስጥ ልብ ከ20,000 ጊዜ በላይ ይመታል። እስክስታ የሚመታውን ሰው በእንደዚህ ያለ ካሜራ ፎቶግራፍ ብናነሣው ትከሻው ሳይሆን ጉም ብቻ ይታየናል።

ይህ መዘግየት ምክንያት ነበረው። ሥዕሉ የሚሰበሰበው መስመር በመስመር ነው፤ ከእያንዳንዱ መስመር በኋላም የተዘነበሉት ፕሮቶኖች ወደ ቦታቸው እስኪመለሱ መጠበቅ ግድ ነበር። በ1985 ግን በጀርመን አገር በጌቲንገን ከተማ፥ በማክስ ፕላንክ የምርምር ተቋም፥ የንስ ፍራምና አክስል ሃዘ ከጓደኞቻቸው ጋር ሆነው ይህን ጥበቃ አስቀሩት። ምሥጢሩ ቀላል ነው። ከእንስራ ውሃ ስንቀዳ እንስራውን ሁሉ ብንደፋው፥ ዳግመኛ እስኪሞላ መጠበቅ አለብን። በትንሽ ጣሳ ብንጠልቅ ግን ሳንጠብቅ ደጋግመን መቅዳት እንችላለን። እነርሱም ፕሮቶኖቹን ሙሉ በሙሉ በመጣል ፈንታ በጥቂቱ ብቻ እያዘነበሉ፥ ከጠቅላላው ኃይል ጥቂት ጥቂት እየቀዱ መስመር በላይ በመስመር አከታተሉ። በዚህም ዘዴ ሥራው 100 ጊዜ ያህል ፈጠነ። ዘዴውም ፍላሽ ተባለ፤ ስሙም በእንግሊዝኛ የመብረቅን ብልጭታ ያስታውሳል።

ይህም ሁሉ ሆኖ ለልብ አልበቃም። ሒሳቡን አብረን እናስላ። አንድ መስመር ለመቅዳት 2.2 ሚሊ ሰከንድ ይበቃል እንበል። ለአንድ ጥሩ ሥዕል 200 መስመር ያስፈልጋል ብንል 440 ሚሊ ሰከንድ ይሆናል። በደቂቃ 70 ጊዜ የሚመታ ልብ ግን አንዱን ምት ከ860 ሚሊ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይጨርሳል፤ የመጨመቂያው ጊዜ ደግሞ 300 ሚሊ ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ አንዱ ሥዕል ሳያልቅ ልቡ ተጨምቆ ይላላል።

ሐኪሞች ለዚህ አንድ ብልሃት አገኙ። ይኸውም ሥዕሉን ከብዙ ምቶች ቀንጭቦ መስፋት ነው። አንድ ጸሐፊ የመዘምራንን ዜማ ለመጻፍ ቢፈልግና እጁ ቢዘገይበት፥ መዘምራኑን ያንኑ ዜማ አሥር ጊዜ ያስደግማቸዋል፤ በየጊዜውም ጥቂት ጥቂት ይጽፋል። መሣሪያውም የልብን ኤሌክትሪክ እየተከተለ ከመጀመሪያው ምት ጥቂት መስመሮችን፥ ከሁለተኛው ጥቂት፥ ከሦስተኛውም ጥቂት ይወስዳል፤ በመጨረሻ ሁሉንም አጋጥሞ አንድ የልብ ምት አስመስሎ ያሳያል። ይህ እንዲሆን ግን ሁለት ነገር ያስፈልጋል። አንደኛ፥ ምቶቹ ሁሉ እኩልና ተመሳሳይ መሆን አለባቸው። ሁለተኛ፥ በሽተኛው ደረቱ እንዳይንቀሳቀስ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ትንፋሹን አምቆ መቆየት አለበት፤ ይህንንም ደጋግሞ ማድረግ ይኖርበታል።

እናንተ አሁን ትንፋሻችሁን 15 ሰከንድ አምቃችሁ ብትይዙ ቀላል ይመስላችኋል። ነገር ግን የእንጦጦን ዳገት ሮጣችሁ ወጥታችሁ፥ ገና እያለከለካችሁ ሳለ ያዙ ብትባሉስ? ልቡ የደከመ ሰው ጋደም ባለበት እንኳ እንዲሁ ነው። ከዚህም ሌላ፥ የጓደኛችንን በሽታ የመሰለው ሕመም ሲጠና በግራ ልብ በኩል ያለው በር ይጠብባል፤ ከበሩ በላይ ያለው ክፍል በደም እየተለጠጠ ይሰፋል፤ ከዚያም የልቡ ምት ሥርዓቱን ይስታል። አንዱ ምት ረጅም፥ አንዱ አጭር ይሆናል። መዘምራኑ በየጊዜው ሌላ ዜማ ካዜሙ ጸሐፊው የሚጽፈው ምንድን ነው? ስለዚህ መሣሪያው በጣም የሚያስፈልጋቸው በሽተኞች፥ ሥዕሉ የሚበላሽባቸው እነርሱው ሆኑ። በዚህ ላይ ብዙ ቆመን ተወያይተናል፤ ለጤነኛ ብቻ የሚሠራ መመርመሪያ ለምን ይጠቅማል?

የጌቲንገኖቹ ሊቃውንት ይህን ችግር በ2010 ፈቱት። የንስ ፍራም፥ ማርቲን ኡከርና ጓደኞቻቸው አንዱን የልብ ሥዕል በ20 ሚሊ ሰከንድ፥ ማለት በሰከንድ 50 ሥዕል፥ ማንሣት እንደሚቻል አሳዩ። ይህን ያደረጉት በሁለት መንገድ ነው።

አንደኛው መንገድ መስመሮቹን ማሳነስና አቀማመጣቸውን መለወጥ ነው። ቀድሞ መስመሮቹ እንደ ደብተር መስመር ጎን ለጎን ይሰለፉ ነበር። ከእንደዚህ ያለ ደብተር ብዙዎቹ መስመሮች ቢጎድሉ መልእክቱ ይጠፋል። እነርሱ ግን መስመሮቹን እንደ ጃንጥላ ዘንጎች ሁሉም በመካከል እንዲያልፉ አደረጉአቸው። ከተሰበሰበው መልስ መካከለኛው ክፍል የሥዕሉን ጠቅላላ መልክ የሚይዝ ስለ ሆነ፥ እያንዳንዱ መስመር ከዋናው ነገር ድርሻ አለው። ስለዚህ በ200 ፈንታ 15 መስመር ይበቃል። 15 ጊዜ 2.2 ሚሊ ሰከንድ 33 ሚሊ ሰከንድ ነው፤ ይህም በሰከንድ 30 ሥዕል ይሆናል። በሚቀጥለው ሥዕል ደግሞ ዘንጎቹ ጥቂት ዞረው ቀድሞ ባዶ በነበረው ስፍራ ይገባሉ።

ሁለተኛው መንገድ ሒሳብ ነው። ብዙዎቻችን በሒሳብ ክፍል «ይህ ምን ይጠቅመናል?» እያልን መምህራችንን አስቸግረናቸዋል፤ እነሆ መልሱ። መስመሮቹ ሲያንሱ የማይታወቁት ቁጥሮች ከሚታወቁት ይበዛሉ። መምህራችን በጥቁር ሰሌዳ ላይ «ሀ ሲደመር ለ 10 ይሆናል፤ ሀ ስንት ነው?» ብለው ቢጽፉልን፥ መልሱ ብዙ ነው ብለን እንቀመጣለን። ነገር ግን «ከጥቂት ጊዜ በፊት ሀ 6 ነበር፤ ከዚያ ወዲህም ብዙ አልተለወጠም» ቢሉን፥ ሀ 6 ገደማ፥ ለም 4 ገደማ መሆኑን እንገምታለን። ልብም እንዲሁ ነው፤ ምንም ቢፈጥን በ33 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ ፈጽሞ ሌላ አይሆንም። በዚህም ላይ በደረቱ ዙሪያ የተደረደሩት ብዙ ተቀባዮች እያንዳንዳቸው ቅርባቸው ያለውን አጉልተው ስለሚሰሙ ሌላ ምስክር ይጨምራሉ። ኮምፒዩተሩ በመጀመሪያ አንድ ሥዕል ይገምታል፤ ሥዕሉ እውነት ቢሆን ኖሮ ምን ዓይነት ድምፅ ይሰማ እንደ ነበር ያሰላል፤ ከተሰማው እውነተኛ ድምፅ ጋር ያስተያየዋል፤ ስሕተቱን አይቶ ግምቱን ያርማል፤ ይህንንም ይደጋግማል። ስሌቱ ከባድ ስለ ሆነ በመጀመሪያ ሥዕሉ የሚወጣው ዘግይቶ ነበር። በኋላ ግን ለኮምፒዩተር ጨዋታዎች ሥዕል የተሠሩትን ፈጣን ክፍሎች አሰባስበው ስላሠሩአቸው፥ በሽተኛው ገና በመሣሪያው ውስጥ ተኝቶ ሳለ ልቡ በመስታወቱ ላይ ሲመታ መታየት ጀመረ። የንስ ፍራምም ስለ ፍላሽና ስለዚህ ሥራው በ2018 የአውሮፓ የፈጠራ ሰዎች ሽልማት ተሰጠው።

እንግዲህ በሽተኛው ትንፋሹን እንዳሻው እየሳበና እያስወጣ፥ ምቱም ሥርዓት ቢስት እንኳ፥ እያንዳንዱ ምት እንደ ራሱ ይታያል። አንዱን ምት ከሌላው መስፋት የለም።

ይህ ጥቅሙ ምን ያህል እንደ ሆነ ለማሳየት አንድ ምሳሌ ብቻ እንጥቀስ። ልብ በቀጭን ከረጢት ተሸፍኖ ይኖራል። የሳንባ ነቀርሳ፥ በአገራችንም በደንብ የሚታወቀው በሽታ፥ አንዳንድ ጊዜ ይህን ከረጢት ይይዘዋል። ከረጢቱም እየደነደነና እየጠበበ ሲሄድ ልብ እንደ ልቡ መስፋት አይችልም። በሽተኛው ትንፋሽ ሲስብ ወደ ቀኙ የልብ ክፍል ብዙ ደም ይገባል፤ ከረጢቱ ግን ስለማይለጠጥ፥ ቀኙ ክፍል ቦታ የሚያገኘው መካከለኛውን ግድግዳ ወደ ግራ ገፍቶ ነው። ይህ መገፋት የበሽታው ምልክት ነው። በአንጻሩ የልብ ጡንቻው ራሱ የደነደነበት ሌላ በሽታ አለ፤ ሁለቱ በውጭ ሲታዩ በጣም ይመሳሰላሉ። የመጀመሪያውን ቀዶ ሐኪም ከረጢቱን ገፍፎ ሊያድነው ይችላል፤ ሁለተኛውን ግን ይህ ቀዶ ጥገና አይጠቅመውም። ስለዚህ ለይቶ ማወቅ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነው። ነገር ግን ምልክቱ የሚታየው በሽተኛው ሲተነፍስ ነው፤ ትንፋሹን አምቆ በተነሣ ሥዕል ምልክቱ ይሰወራል። ሲተነፍስና ሲመታ በአንድነት የሚያሳየው የቅጽበት ሥዕል ግን ያወጣዋል።

ጥበቡ ከልብም አልፎ ሄዷል። ምላስ ሲናገር፥ ጉሮሮ ሲውጥ፥ መገጣጠሚያ ሲታጠፍ ይታይበታል። በ2015ም እነዚሁ የጌቲንገን ተመራማሪዎች አንጎልንና ሕብለ ሰረሰርን የሚከበው ፈሳሽ እንዲንቀሳቀስ ትልቁን ኃይል የሚሰጠው፥ ብዙዎች ያስቡት እንደ ነበረው የልብ ምት ሳይሆን፥ ጥልቅ ትንፋሽ መሳብ መሆኑን በዚሁ ዘዴ አሳዩ። እንግዲህ አዲስ ዓይን አዲስ እውቀት ያመጣል።

ስለ ጥበቡ ስናመሰግን ጉድለቱን ብንሸሽግ ግን እውነተኛ ተማሪዎች አንሆንም። የቅጽበት ሥዕል ለፍጥነት ሲል ከጥራቱ ጥቂት ይተዋል፤ ምቱ ትክክል ለሆነና ትንፋሹን ማመቅ ለሚችል በሽተኛ የተሰፋው ሥዕል ይበልጥ ይጠራል። መሣሪያው ራሱ ዋጋው እጅግ ውድ ነው። ብዙውን ጊዜ ማግኔቱ የሚሠራው ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ በሚቀዘቅዝ ፈሳሽ ሂልየም ተነክሮ ነው፤ ኤሌክትሪኩም ሊቋረጥ አይገባም። ብረት ይዞ ወደ ክፍሉ የሚገባ ሰው አደጋ ያመጣል፤ ማግኔቱ ብረቱን እንደ ጥይት ስቦ ይወስደዋልና። በውስጡም ሲሠራ እንደ መዶሻ ያለ ኃይለኛ ጩኸት ስላለ በሽተኛው ጆሮውን ይሸፈናል። በሌላ በኩል እንደ ራጅ ያለ ጨረር የለበትም። ርካሹና በእጅ የሚያዘው የድምፅ ማዕበል መሣሪያ ግን እስከ ዛሬ የመጀመሪያው መመርመሪያ ነው፤ ጓደኛችንንም የረዳው እርሱ ነው።

የተከበራችሁ ወላጆቻችን፥ አሁን ለእናንተ የምንለው አለን። በዓለም ላይ ካሉት መሣሪያዎች ሁሉ የሚረቀው ልብ ሲታመም ያሳየናል እንጂ እንዳይታመም አይከለክለውም። የጓደኛችን በሽታ የቁርጥማት ትኩሳት የሚያመጣው የልብ ሕመም ነው። የሚይዘው በተለይ ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉትን ልጆች ነው፤ ማለት እዚህ የተቀመጡትን ታናናሾቻችንን ነው። የሚጀምረው ስትሬፕቶኮከስ በሚባል ተሕዋስ ከሚመጣ የጉሮሮ ሕመም ነው። አካላችን ተሕዋሱን ሲዋጋ በስሕተት የራሱን ልብ ይወጋል፤ በሮቹም ይጠበሳሉ። ጉሮሮ ያመመው ልጅ ሁሉ ይህ አለበት ማለት አይደለም፤ አብዛኛው የጉሮሮ ሕመም ከሌላ ምክንያት ይመጣል። ነገር ግን ይህን ለይቶ የሚያውቅ የጤና ባለሙያ ነው። ትክክለኛው ከሆነ በጥቂት ብር የሚገዛ ፔኒሲሊን፥ ሕመሙ በጀመረ በ9 ቀን ውስጥ ከተሰጠ፥ ልብን ያድናል። ስለዚህ ልጅ ጉሮሮውን አሞት ሲያተኩስ «እንጥሉ ወርዷል» ብላችሁ እንጥል ወደሚቆርጥ ሰው አትውሰዱት፤ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት እንጂ። ይህን የምንለው እናንተን ለመንቀፍ አይደለም፤ ለልጃችሁ ያላችሁን ፍቅር እናውቃለን።

ጓደኛችን በየአራት ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ይወጋል፤ ሕመሙ እንዳይመለስበትና በሮቹ ይበልጥ እንዳይጎዱ ነው። መርፌው በጣም ያማል። በመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን ሄደ፤ በሁለተኛው ጊዜ ሊቀርበት ፈልጎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን የክበባችን አባሎች ተራ ገብተን አብረነው እንሄዳለን። አንድም ቀን አላስቀረነውም። አሁን በክንፍ መጫወቱን ትቶ የቡድናችን ነጥብ መዝጋቢ ሆኗል፤ ስሕተታችንን ሁሉ ጽፎ ስለሚይዝ ከቀድሞው ይልቅ ዛሬ እንፈራዋለን።

በመጨረሻ ለጓደኞቻችን ተማሪዎች አንድ ቃል። ሃርቬይ ልብ ከዓይን ይፈጥናል ብሎ ቢተው ኖሮ፥ ላውተርበርም ጽሑፉ ሲመለስበት ቢቀመጥ ኖሮ፥ ጌቲንገኖቹም ከ1985 እስከ 2010 ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ባይታገሡ ኖሮ፥ ዛሬ የምንናገረው ነገር ባልኖረ ነበር። ሐኪሙ፥ የፊዚክስ ሊቁ፥ የኬሚስትሪ ሊቁና የሒሳብ ሊቁ አንዱ ያለ ሌላው ይህን ሥራ አልፈጸመውም። ነገ ከእኛ መካከል አንዱ ለአገራችን ጤና ጣቢያዎች የሚስማማ፥ ውድ ያልሆነ፥ መብራት ቢጠፋ የማይቆም መመርመሪያ ቢያስብ ማን ይከለክለዋል? እስከዚያው ድረስ ግን ሁላችንም ልናደርገው የምንችለው ነገር አለ። ጓደኛችን ትንፋሽ ሲያጥረው አንቀልድበት፤ እንጠይቀው።